ዳማን ማን አያት

ማክሰኞ ጠዋት ዳማ ከየኔታ ወልደ ሰንበት አልጋ ሥር አልወጣም አለች።

ዳማ ድመት ናት። ስሟን ያገኘችው ከጠጉሯ ነው፤ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ቡናማ። ስድስት ዓመት ሙሉ የኔታ ጠዋት ተነሥተው ዳዊት ሲደግሙ ጉልበታቸው ላይ ሳትወጣ የቀረችበት ቀን የለም። የሽማግሌው ዓይን ከፈዘዘ ወዲህ የብራና መጻሕፍታቸውን ከአይጥ የምትጠብቅላቸውም እሷ ናት። «ካስተማርኳቸው ሁሉ እስከ ዛሬ ያልተለየችኝ እሷ ብቻ ናት» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

«ሰገነት፣ ውሮዬ አልመጣችም። እስቲ እያት» አሉ።

ልጃቸው ሰገነት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ልትወጣ ደብተሯን ይዛ ነበር። ተንበርክካ አልጋው ሥር ተመለከተች። ዳማ ግድግዳውን ተጠግታ ተኝታለች። ስትጠራት ቀና ለማለት ሞከረች፤ አንገቷ ወደ ግራ ዘመመ። ጎትታ ስታወጣት የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ በጎኗ ወደቀች። ወተት ቀረበላት። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

ትናንት ምንም አልነበረባትም። እሑድማ ጭራሽ ስትጫወት ነው የዋለችው።

እሑድ የሚለው ቃል ሲመጣባት ሰገነትን ባር ባር አላት። እሑድ ያየህ የመጣበት ቀን ነው።

ያየህ ሞጣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ሰገነት ወደ ቢቸና ከመዛወሯ በፊት ሦስት ዓመት ሞጣ አስተምራለች፤ የተዋወቁትም ለከብት ክትባት የትምህርት ቤቱን ግቢ ሊያስፈቅድ በመጣ ጊዜ ነው። ገና ሳይላመዱ ነገራት። «አባቴ ቀጥቃጭ ነው፤ ደብረ ኤልያስ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ከእኔ ስሚው» አላት።

«ታዲያ ምን ይሁን?» ብላ ሣቀች ያን ዕለት።

ምን እንደሚሆን ግን ሁለቱም ያውቁታል። ሰው የባለ እጆችን ማረሻ ይገዛል፣ በእንስራቸው ውኃ ይቀዳል፤ ልጁን ግን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። ቡዳ ናቸው፣ ያዩትን ይበላሉ ይባላል። ከእነሱ ጋር መጋባትማ አይታሰብም።

ሰገነት አባቷን ልትጦር ቢቸና ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፍቅራቸው የኖረው በደብዳቤ ነው፤ የሞጣው አውቶቡስ ሹፌር ይግዛው ያመጣል፣ ይግዛው ይወስዳል። በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በዚያች እሑድ ግን «የድሮ ባልደረባዬ ነው» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ አስገባችው። እንግዳ የማትወደው ዳማ ተነሥታ ጭኑ ላይ ተኛች። ያየህ ጀርባዋን እየዳበሰ፣ «ምን ያለች ቆንጆ ድመት ናት፣ የኔታ» አለ። የኔታም ፈገግ አሉ። ሰገነት ያን ፈገግታ አይታ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ስትገላበጥ አደረች።

አሁን የዚያ ደስታ ዋጋ አልጋ ሥር ወድቋል።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ታናሽ እህት ወይዘሮ ፈንታነሽ መጡ። ድመቷን አዩ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

«እሑድ ማን ነበር የመጣው?»

«የሞጣ ባልደረባዬ ነው፣ እትዬ።»

«ስሙ ማነው?»

«ያየህ።»

«ስሙስ አልደበቀው» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ከደብረ ኤልያስ የመጣች ነጋዴ መንገድ ላይ አይታው የማን ልጅ እንደሆነ ነግራኛለች። የጠይብ ልጅ ነው። ድመቷን አየልሽ።»

«እትዬ፣ ድመት ታማለች እኮ ነው።»

«ዛሬ ድመት ነው። ነገ አንቺ ነሽ።»

ሰገነት ወደ አባቷ ዞረች፤ አንድ ቃል እንዲናገሩላት ጠበቀች። የኔታ ወልደ ሰንበት መቋሚያቸውን ይዘው ዝም አሉ። አክስቷ ከተናገሩት ሁሉ የበለጠ ያቆሰላት ያ ዝምታ ነበር።

*

ሰገነት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበሽታ ስም። አንድ ስም ብታገኝ አክስቷ ፊት ወስዳ ታስቀምጠው ነበር። ይኸው፣ እንዲህ የሚባል በሽታ ነው፣ በዓይን አይመጣም ትል ነበር።

ረቡዕ ዳማን በቅርጫት ይዛ የከተማው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሰውየው ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየና ሣቀ። «እህቴ፣ እኛ ያለን የበሬና የበቅሎ መድኃኒት ነው። ድመት ከሞተች ሌላ ድመት ትመጣለች» አላት። ሐሙስ ወደ ሞጣ ልትደውል ቴሌ ሄደች፤ ተራዋ ሲደርስ መስመሩ ተቋርጧል ተባለች። ዓርብም ሄደች፤ አልተጠገነም። በየኬላው በተዘጋ መንገድ የምትሄድ መሰላት። ጠዋት ጠዋት ዳማን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ውኃ በማንኪያ ታጠጣለች፣ ከዚያ ሄዳ አምሳ አምስት ልጆች ታስተምራለች። የሚያስቸግራት ልጅ ባይኖርም ትቆጣለች።

በይግዛው እጅ የላከችው ደብዳቤ አጭር ነበር። «ያየህዬ፣ ዳማ ታመመች። ሰዉ የማይሆን ነገር ያወራል። አንተ ግን በሽታውን ታውቀዋለህ። እባክህ ስሙን ጽፈህ ላክልኝ።»

መልሱ ዓርብ ማታ ደረሳት።

«ለሰገነት። ውኃ ስታይ ትሸሻለች? ለሐጯ ይዝረከረካል? ሰው ነክሳለች? በሰፈሩ የአይጥ መርዝ ያስቀመጠ አለ? እጅሽን ሳትሸፍኚ እንዳትነኪያት። ቅዳሜ እመጣለሁ። ያየህ።»

ገልብጣ ከጀርባው አየችው። ባዶ ነው። ናፈቅሽኝ አይልም፣ አይዞሽ አይልም። የምሕረት ቃል ጠብቃ የፖሊስ ጥያቄ የደረሳት መሰላት። ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፤ እንባዋ ግን አልመጣም፤ ንዴት አግዶት ነበር።

*

ቅዳሜ ያየህ መጣ። ፀሐይ ሞቅ ስላለ ኮቱን አውልቆ ከበሩ ችንካር ላይ ሰቀለውና እጅጌውን ሰብስቦ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዳማን ፎጣ ላይ አስተኝቶ ድዷን አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ በሙቀት መለኪያ ለካት፣ የእግሮቿን ጣቶች አንድ በአንድ ቆነጠጠ። ወይዘሮ ፈንታነሽና ሁለት ጎረቤቶች በአጥሩ ጥግ ቆመው ያያሉ። ለማንም ሳይሆን ለእሱ ብቻ፣ ዳማ በምቾት ቀስ ብላ አንኮራፋች። እንደ ጤነኛ ድመት።

ሰገነት የሞቀ ውኃ ልታመጣለት ወደ ማድ ቤት ገባች። ስትመለስ አክስቷን በሩ ላይ አየቻቸው። በግራ እጃቸው የያየህን ኮት ጫፍ ይዘዋል፤ በቀኛቸው መቀስ። ከገበሩ አንድ ጣት የምታህል ጨርቅ ቆርጠው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። ለምን እንደሆነ ሰገነት ታውቃለች። የበላው ሰው ልብስ ከተቃጠለና የታመመው ጢሱን ከታጠነ ይለቀዋል ይባላል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ሰገነት አምስት ቀን በወጉ አልተኛችም። ውሸት ከሆነ ምን ይጎዳል? አለች በልቧ። ዝም ብላ ውኃውን ይዛ ወጣች።

ያየህ እጁን ታጠበ። ብዙ ቆየ፤ ሁለት ጊዜ ሳሙና ደገመ።

«የእብድ ውሻ በሽታ አይመስለኝም» አለ በመጨረሻ። «መርዝም አይመስለኝም። ትኩሳት የላትም። ከጆሮዋ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ከአንጎሏ ሊሆን ይችላል። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ሰገነት። አላውቅም።»

«አላውቅም?» አለች። ሳታስበው ድምጿ ከፍ አለ። «አምስት ቀን ስጠብቅህ ሰንብቼ አላውቅም?»

«የበላማ ያውቃል» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ ለጎረቤቶቻቸው፣ እንዲሰማ አድርገው።

ያየህ እንዳልሰማ ሆኖ ኮቱን አነሣ። ሲለብሰው ገበሩ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። የተቆረጠውን አየ። ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተዘጋጀውን የከሰል እሳት አየ። ከዚያ ሰገነትን አያት። ሰገነት አንገቷን ደፋች።

«ሲቆርጡት አይተሻል?»

«ያየህ…»

«አይተሻል ወይ ነው የምልሽ።»

«አይቻለሁ።»

ያየህ ኮቱን ቀስ ብሎ ቆለፈ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ሕፃን ባተኮሰው ቁጥር ሰው ይመጣብን ነበር። እናቴ ከመደብደብ ይሻለኛል ብላ የቀሚሷን ጫፍ እየቀደደች ትሰጣቸው ነበር። ቀሚሷ ሁልጊዜ አጭር ነበር። አንቺ ብትጠይቂኝ ራሴ ቀድጄ እሰጥሽ ነበር፣ ሰገነት። ኮቱንም ሙሉውን እሰጥሽ ነበር። እሷ ለሚጠሏት ነው የሰጠችው፤ እኔ ለምወዳት መስጠት እንዴት ያቅተኛል?»

ለየኔታ በበሩ በኩል እጅ ነሥቶ ወጣ። ሰገነት እስከ አጥሩ ተከተለችው፤ ከዚያ ማዶ እግሯ አልሄደም። አፍራ ቀረች።

*

ጨርቁ ጤሰ። በማግሥቱ ጠዋት ዳማ ትንሽ ወተት ላሰች።

«ለቀቃት» ተባለ በሰፈሩ። ወይዘሮ ፈንታነሽ እንደ ድል አድራጊ ቤት ለቤት ነገሩት። ሰገነትም የወተቱን ሳህን ጎሎ ስታየው ደስ አላት። ደስታው ገና ልቧ ሳይደርስ በማን ላይ እንደሚመሰክር ገባት፤ ሳህኑን ይዛ ደርቃ ቀረች።

ማክሰኞ ዳማ ባሰባት። አሁን የፊት እግሮቿም ከዷት። «ተመልሶ ያዛት» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። ብትሻልም እሱ ነው፣ ብትብስም እሱ ነው። ሰገነት ይህን ክርክር ከየት በኩል እንደምትገባበት አጣች።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። ሦስቱንም ይግዛው እንደታሸጉ መለሰላት። «አልቀበልም አለኝ፣ እህቴ» አላት፣ ፊቷን ላለማየት መስኮቱን እየጠረገ።

ሐሙስ ጠዋት የኔታ ጠሯት። ዳማ ቅርጫቷ ውስጥ ሆና እግራቸው ሥር ነበረች፤ ዝቅ ብለው በጣታቸው ጆሮዋን ያሻሉ።

«ያ ልጅ ቅዳሜ ምን አለ?»

«አላውቅም አለ፣ አባዬ።»

«አርባ ዓመት ቅኔ ሳስተምር፣ አላውቅም የሚል ተማሪ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላው ባዶውን በራሱ ቃል ይሞላዋል። ፈንታነሽ ታውቃለች። ጎረቤት ያውቃል። አንቺም ሳታውቂ አልቀረሽም።»

«እኔ አላመንኩም፣ አባዬ።»

«መቀሱን አይተሽ የለም?»

ሰገነት የዳማን ቅርጫት ወደ ራሷ ሳበች።

«ቡዳ የሚባለው አለም የለምም አልልሽም» አሉ የኔታ። «ጸበል ቦታ ሰው ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ዝም ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። አንቺም እንዲሁ። በይ ውሰጂያት፤ እሱ ዘንድ ውሰጂያት። እዚህ ከቆየች ስም ሲያወጡላት ትሞታለች።»

«እርስዎስ?»

«ፈንታነሽ አለች። እየተቆጣችም ቢሆን ታበላኛለች።»

*

አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ቆሞ ሰው ሲያወርድ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ቅርጫቱን ጠቆመች። ምን እንደያዘች ጠየቀቻት። የታመመች ድመት ሐኪም ዘንድ እየወሰደች እንደሆነ ስትነግራት ሴትዮዋ ለኋላው ሰው አወራች፤ ሣቁ እስከ ሹፌሩ ወንበር ደረሰ። ይግዛው ብቻ አልሣቀም። ሰገነት መዳፏን ቅርጫቱ ውስጥ አስገብታ የዳማን ትንፋሽ ስትቆጥር ሞጣ ደረሰች።

የክሊኒኩ ግቢ በገበሬና በከብት ተሞልቷል። ያየህ የአንዲት በቅሎ ኮቴ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ቀና ሲል አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በርቶ ወዲያው ጠፋ።

«ተራ ያዢ» አላት።

ያዘች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአንድ የሚያነክስ በሬና ከሁለት በጎች ኋላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ግን፣ ስንት ዘመን ሰው እሱን በራፍ ላይ እንዳቆመው እያሰበች ጠበቀች።

ተራዋ ሲደርስ መዝገቡን ከፈተ። «የባለቤቱ ስም?»

«ደብዳቤዎቼን ለምን መለስክ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ካነበብኳቸው መልስ እጽፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሰገነት ዳማን ከቅርጫቱ አውጥታ፣ በዚያ ሁሉ ገበሬ ፊት፣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፤ ግን አስቀድሜ ያደረግሁትን ልንገርህ» አለች። «ጨርቁ ሲጤስ ቆሜ አይቻለሁ። በማግሥቱ ወተት ስትጠጣ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ያየህ። ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝና ራሴን ጠላሁት። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ አልፈራም እያልኩ ሁለት ዓመት ስጽፍልህ ኖሬአለሁ። ፍርሃቱ ግን እዚሁ ውስጤ ነበር። አምስት ቀን እንቅልፍ ባጣሁ ጊዜ ወጣ።»

ያየህ ዳማን ደረቱ ላይ አስደግፎ ቆየ። «ነገ ልጃችን ቢያተኩሰውስ?» አላት። «ያን ጊዜስ ጎኔ ተኝተሽ በጥርጣሬ ዓይን እኔን ታያለሽ?»

«እንዳላይህ እታገላለሁ። አላይህም ብዬ ግን አልምልም። እኔም አላውቅም።»

«ያችን ቃል እኔ ስናገራት ተቆጥተሽኝ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ያን ጥያቄ ብቻ የሆነ ደብዳቤም የጻፍኩት መኪናው ተነሥቶ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው። ነክሳሽ እንደሆነ ብቻ ነበር የማስበው። አንቺ ምን ብለሽ እንዳነበብሽው ኋላ ነው ያሰብኩት።»

ስኳር በውኃ በጥብጦ በመርፌ ቱቦ አፏ ውስጥ ጠብ አደረገላት። አልዋጠችውም። ሰገነት ከጎኑ ቆማ የዳማን እግር ያዘች። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ሁሉ ከብቱን ነድቶ ሲመለስ፣ ዳማ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና ያየህ እጅ ላይ ቀረች።

«ምን እንደነበረባት ለማወቅ ከፍቼ አይቼ ናሙና መላክ ነበረብኝ» አለ ያየህ። «እስኪደርስም ይበላሻል።»

«ተዋት» አለች ሰገነት።

ከክሊኒኩ ጓሮ ቀበሯት። ያየህ አፈሩን በእጁ ሲደለድል ቆይቶ፣ ቀና ሳይል ተናገረ። «እጄ ላይ ነው የሞተችው። ይህን ስትነግሪያቸው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ግን አልደብቅም።»

«እንግዲያው አንቺ አትነግሪያቸውም። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ያን ዕለት ሞጣ፣ የድሮ ጓደኛዋ መምህርት ሳባ ቤት አደረች። በማግሥቱ በይግዛው አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ። ብዙ አላወሩም። ቂሙ ገና እንዳልወጣለት ታውቃለች፤ ክንዱን ግን ከክንዷ አላራቀም። ሰገነት በዚያ ክንድ ሙቀት ላይ ቢቸና እስክትደርስ እንደ ተበዳሪ ተደገፈች።

*

ቤት ሲገቡ የኔታ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ፈንታነሽ ምሳ አቅርበዋል። ያየህ ከበሩ ሳይርቅ ቆመ።

«የኔታ፣ ዳማ ትናንት ሞተች። እጄ ላይ ነው የሞተችው።»

«ምን ነበር በሽታዋ?»

«አላወቅሁትም፣ የኔታ።»

«ሰሙ አይደል፣ ወንድም ዓለም?» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «እጄ ላይ አለ። በገዛ አፉ።»

«ሰማሁ» አሉ የኔታ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወስደው እዚያው ቆዩ። ሰገነት አባቷ ሲያለቅሱ ያየችው እናቷ የሞተች ጊዜ ብቻ ነበር። ነጠላውን ሲያወርዱ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ጥያቄውን ሰገነት ለሦስት ዓመት ስትሸሸው የኖረችው ነው። ያየህ እሷን አላያትም።

«የፋንታ ልጅ ነኝ። የደብረ ኤልያሱ የቀጥቃጩ የፋንታ።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ፣ የኔታ።»

«ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ አባትህ ቤት እንዳይቀር። ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጣ። ከእኔ ጋር ከአንድ መሶብ ይበላል።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ የያዙትን ጭልፋ አስቀምጠው ነጠላቸውን አነሡ። ከዚህ ቤት ውኃ አልቀምስም ብለው ወጡ፤ ቃላቸውንም እስከ ፋሲካ ማዶ ጠበቁ።

የኔታ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ በእጃቸው ዳበሱ። «ና፣ ተቀመጥ። ምሳው ይቀዘቅዛል» አሉት። ያየህ ሄዶ ተቀመጠ። የሚታጠብበትን ውኃ ሰገነት አመጣች። ስታፈስለት እጁ ላይ፣ በጥፍሮቹ ሥር፣ የሞጣ አፈር ገና እንዳለ አየች።

ይህን ቀን ብዙ ጊዜ በሐሳቧ ኖራዋለች። ሲመጣ በደስታ የምትፈነድቅ ይመስላት ነበር። የመጣባት ግን ድካም ነው፤ ከድካሙም ሥር ንዴት። አንድ ሰው ከአንድ መሶብ እንዲበላ ይህ ሁሉ ማለፍ ነበረበት? ማንቆርቆሪያውን ይዛ፣ ውኃው አልቆ፣ ቆማ ቀረች። ያየህ ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ አንገቷን ሳትደፋ፣ እስኪጠግብ እንዲያያት ተወችው። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።